የአንሶላ ጣሪያ

በየሰፈሩ ባዶ ቦታ ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ግድግዳ ስታዩ እሱ መደርደሪያ ይታየዋል። የዚህኛው ሙያ ልብስ ስፌት ነው፤ ጎረቤት በሙሉ ድምፅ ያጸደቀለት ማዕረግ ግን «ክቡር ኢንጂነር» የሚል ነው። ሚስቱ በዚህ ማዕረግ የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ሥራ የያዘችው ልጃቸው የምትተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ስለሆነ፣ እንግዳ ካልሄደ አትተኛም። አንድ ቀን «የሚከራይ ክፍል እያየሁ ነው» አለች። እናት ክው አለች። አባት ግን ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ከኮርኒሱ በላይ፣ አሮጌ ሻንጣና አቧራ ብቻ የሚኖሩበት ሰፊ ቦታ አለ።

«ክፍል አላት!» አለ።

ሚስቱ ይበልጥ ደነገጠች፤ ባሏን ታውቀዋለቻ። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ማቀድ የጀመረው ልጅቷ ጥርስ ስታበቅል ነው፤ ሳህኖቹ ዛሬም ወንበር ላይ ናቸው። «አንተ አቅደህ እስክትጨርስ እሷ ተከራይታ ታረጃለች!»

«ልክ ሳይታይ አይቆረጥም» አላት። ለሠርጉ የቸኮለ ሙሽራም የሚሰማው መልስ ይኸው ነው።

መጀመሪያ አናጢውን ጠራ። አናጢው የኮርኒሱን እንጨቶች መታ መታ አድርጎ፣ «ወፍራም እንጨት ካልተጨመረ ድመትም አይችል» አለ። ከዚያ ኢንጂነሩ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በመሰላል ወጣ፤ የጣሪያውን ተዳፋት ለካ። እዚህ ላይ ነው ሰውየው የሚደነቀው፤ ወርዶ ያንኑ ተዳፋት ሳሎን ውስጥ በአንሶላ ሠራው! መሃሉን በገመድ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ዳርና ዳሩን እስከ ጉልበት አወረደ። ወለሉ ላይ በልብስ መለኪያ ጠመኔው አልጋ፣ ጠረጴዛና የደረጃ መውጫ ሳለ። መስኮቱ አንሶላው ላይ በስፒል የተያዘ መሀረብ ነው።

ማንም ሳይጠይቀው ያስረዳል። «የተኛ ሰው ቁመት ምን ያደርግለታል? አልጋው ዳር ይሁን። ደረጃው ግን መሃል ይውጣ፤ አለዚያ ልጄ ጠዋት ጠዋት ጣሪያ በግንባሯ ልትሳለም ነው።»

ቤተሰቡ አንሶላው ሥር መኖር ጀመረ። እንግዳ ሲገባ «ጎንበስ!» ይባላል። ሚስቱ በጠመኔው አልጋ ላይ ስታልፍ፣ «በጫማሽ? አልጋ ላይ?» ይላታል።

«ክቡር ኢንጂነር፣ ቴሌቪዥኑንስ በየት በኩል ልየው?»

ጣውላው ሲመጣ ደግሞ ጉድ ፈላ። እያንዳንዱ አንድ አንድ ክንድ ይተርፋል። ያዘዘው ራሱ ነው፤ «ድንገት ቢጠብ ይለቀቃል» ብሎ።

«ክቡር ኢንጂነር» አለ አናጢው ላቡን እየጠረገ፣ «ጣውላ አይለቀቅም እኮ! ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈን እንስፋው እንዴ?»

ኢንጂነሩ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለ። ሚስቱም በልቧ «በቃ፣ ልጄ ሄደች» አለች።

ማታ ልጅቷ መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው፤ «ክፍል አግኝቻለሁ። ነገ መልስ እሰጣለሁ።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለ አባቷ። «ብቻ አንዴ ልክሽን እንይ።»

ጎንበስ ብላ ገባች። መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ፀጉሯ አንሶላውን አልነካም። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ጠመኔው አልጋ ላይ ጋደም አለች። ቀና ብላ መሀረቡን አየች።

«አባዬ፣ መስኮቱ ትንሽ ዝቅ ቢልስ? ተኝቼ ውጪውን ማየት ብችል።»

መልሱን አልጠበቀችም። ተነሥታ ስፒሉን ነቀለች፤ መሀረቡን ዝቅ አድርጋ ራሷ ሰካችው። እናቷ ሳህን የምታመጣ መስላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

ክፍሉ ተሠራ፤ መስኮቱም ልጅቷ በሰካችው ልክ ወጣ። ከተቆረጠው ትርፍ ጣውላ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ተሠራ።

አንሶላው ታጥቦ ቁም ሣጥን ገብቷል። ሚስቱ ግን ሳሎኑን ስታቋርጥ እስካሁን ጎንበስ ትላለች።

«ምን ያስቅሃል?» ትለዋለች፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሲል።

«ልክሽ ሆኗል ብዬ ነው።»

«ስፌትህን ስፋ!»

ወለሉን በየቀኑ ትወለውላለች። የጠመኔው አልጋ ግን አሁንም ከነትራሱ እዚያው አለ።