አማና የተባለው ለጋሽ

በአገራችን አንድ መሥሪያ ቤት አደገ የሚባለው ፎቅ ሲሠራ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ካለ እሱ ምቀኛ ነው። በዚህ በዚህስ እኔም አልታማም፤ የጭሮው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍታችን ከአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተነሥቶ አራት ፎቅ የሆነው ዓይኔ እያየ ነው። ዛሬ ሊፍት አለን። አይሠራም እንጂ አለን። ተማሪውም ገና ሲገባ የሚጠይቀው ሶኬት የት እንዳለ ነው።

በቆርቆሮዋ ክፍል ዘመን መደርደሪያችን አልሞላ ስለሚል ሰው ያመጣውን ሁሉ እንቀበል ነበር። አንድ ቀን ሀጂ ኢብሮ የሚባሉ የመቻራ ቡና ገበሬ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዘው መጡ። አባታቸው ስለ ቡናና ስለ መድኃኒት ቅጠል የሚያውቁትን ሁሉ በኦሮምኛ፣ ግን በዓረብ ፊደል የጻፉበት ነው።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቴ ያፈሳል። አማና ነው» አሉና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

እኔ ያኔ ከጎጃም ከመጣሁ ወር ያልሞላኝ፣ የማላውቀውን መጠየቅ የሚያሳፍረኝ ባለ ዲግሪ ነበርኩ። መዝገቡን ገልጬ አሳምሬ ጻፍኩ፦ «የለጋሹ ስም፦ አማና።»

ዓመታት አልፈው ወደ ፎቁ ስንዛወር ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጸሐፊው እኔ። ደብተሩ ላይ ስንደርስ አንዱ አባል ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይህን ማን ያነበዋል?» አለ። መዝገቡ ስጦታ ስለሚለው ንብረትነቱ የእኛ ነው። ፈረምኩ። ከተቀዳደዱት መጻሕፍት ጋር በጆንያ ታጭቆ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ሄደ።

አምና ሀጂ ኢብሮ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ቤታቸው አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ልጃቸው ፎዝያ እኛው ዘንድ ተመድባለች፤ የዓረብ ፊደልም ታነባለች። የእሳቸው ዓይን ስለደከመ የአባታቸውን ቃል እሷ እንድታነብላቸው ፈልገዋል።

«አማናዬን ልወስድ መጣሁ» አሉኝ።

አማና እኮ አደራ ነው! ቃሉን ጭሮ ገበያ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መዝገቡ ላይ ግን ራሴ ስም አድርጌ ስለጻፍኩት ስም ሆኖ ቀረ። አደራ ብዬው ቢሆን ኮሚቴው ባልነካው ነበር።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። «እየተፈለገ ነው» የሚል ወጣ። ከኮሚቴ ጋር ብዙ የዋለ አፍ ከዚህ ሌላ ምን ያወጣል? «አላህ ይስጥህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ፎዝያ ደግሞ ተቀምጣ የምትጠብቅ ልጅ አይደለችም። ከክፍል ስትወጣ እየመጣች፣ ከታችኛው ፎቅ ጀምራ መደርደሪያ በመደርደሪያ ትፈልግ ጀመር። ፊቴ ጠቁሮ ስታየኝ «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ እናገኘዋለን» ትለኛለች። ይኸው የምታጽናናኝ እሷ ሆነች። ዛሬስ እነግራታለሁ እያልኩ ወራት አለፉ።

አሁን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ናት፤ የቀራት አንድ ነው። እኔም ትናንት ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አምስተኛ ፎቅ ይጨመርልን ብዬ።