ያልመጣ ይመረጥ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ስብሰባ ያለበት ከወዲሁ ይሂድ፣ የሌለበት ይቀመጥ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ አርሰው በሚበሉበት ጊዜ፣ አረንቻ በሚባል ሸለቆ ውስጥ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጦጣ ነው። ጦጣ ስብሰባ ሲወድ ለጉድ ነበር። አንድ ነገር በጎደለ ቁጥር “ኮሚቴ ይቋቋም!” ይላል። የውሃው ቦይ ሲደፈን የቦይ ኮሚቴ ተቋቋመ። መንገዱ ሲቦረቦር የመንገድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁለቱም አልሠራ ሲሉ የኮሚቴዎች መከታተያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቦዩ ግን እንደተደፈነ ነበር።

ይህ የሆነው አባላቱ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ጣጣው አመራረጡ ላይ ነው። ጦጣ “በበጎ ፈቃዱ የሚያገለግል ማነው?” ብሎ ሲጠይቅ አህያ ጆሮውን ማከክ ይጀምራል፤ ከርከሮም የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስል አፈር ይጭራል። ዝምታው ሲረዝም አንዱ ከኋላ “ለመሆኑ ዛሬ ያልመጣው ማነው?” ይላል። ያን ጊዜ የሁሉም ፊት ይበራል። ያልመጣው ይጠቆማል፣ ይደገፋል፣ በጭብጨባ ይመረጣል። ምስኪኑ ቤቱ እንደተኛ ሊቀ መንበር ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜም መመረጡን ሳይሰማ የሥራ ዘመኑ ያልቃል።

በዚህ አመራረጥ ከሁሉ የተጎዳችው ቆቅ ነበረች። መብረር ያልጀመሩ ጫጩቶች ስላሏት ስብሰባ መምጣት አትችልም። ስለዚህ ያልተመረጠችበት ኮሚቴ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ማሽላው አማረ። ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ አዝመራ ሽማግሌዎቹም አይተው አያውቁም። ደስታቸው ግን አልቆየም፤ ግሪሳ ወፍ ከቆላ ተነስቶ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ግሪሳ መንጋውን ይዞ ከወረደ ማሳውን አገዳ ብቻ አድርጎት ነው የሚሄደው። የቆቅ ማሳ ደግሞ ዳር ላይ ነበር። መጀመሪያ የሚበላው የእሷ ነው፤ እሱ ካለቀ ደግሞ ጫጩቶቿ ለሚቀጥለው አዝመራ አይደርሱም።

ጦጣ የማሽላ ጥበቃ ኮሚቴ ለማስመረጥ ስብሰባ ጠራ። ያን ዕለት ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ሁሉም መጣ። መመረጥን የፈራ ሁሉ ተሽቀዳድሞ መጣ። የታመመው ተደግፎ፣ ያረጀው ታዝሎ መጣ። ቆቅም ጭንቀቷ ቢበዛባት ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ሰብስባ ከፊት ተቀመጠች።

“በበጎ ፈቃዱ ማሳ የሚጠብቅ አለ?” አለ ጦጣ።

አህያ ጆሮውን አከከ።

“ለመሆኑ ዛሬ ያልመጣው ማነው?” አለ ከርከሮ።

ዞር ዞር እያሉ ተያዩ። የቀረ የለም። ጦጣን ላብ አጠመቀው፤ እንዲህ ያለ ችግር ደርሶበት አያውቅም።

ቆቅ ተነሳች። “ወንድሞቼ፣ ለምን በተራ አንጠብቅም? ዛሬ እኔ እጠብቃለሁ፤ ነገ ጋሽ አህያ፣ ከነገ ወዲያ ጋሽ ከርከሮ። ማማ ላይ ወጥቶ መጮህ ነው እኮ!”

“ሐሳብዎ ግሩም ነው፣ እሜቴ” አለ ጦጣ። “እንግዲያው የተራ አውጪ ኮሚቴ ይቋቋማላ።”

“ለእሱስ ማን ሊመረጥ ነው?” አለ አህያ ደንግጦ።

ይሄኔ ከርከሮ ብድግ አለ። “አገኘሁ! የቀረ አለ! ግሪሳ አልመጣም!”

“ግሪሳ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አባል የሆነው?” አለች ቆቅ።

“በየዓመቱ ከማሳችን ይበላ የለ እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን አባልነት አለ!”

ጦጣ እፎይ አለ። “የሚደግፍ?” ብሎ ጠየቀ። እጅ ያለው እጁን፣ እጅ የሌለው ጆሮውን አነሳ። “የሚቃወም?” ሲል ቆቅ ብቻዋን ክንፏን ዘረጋች።

“ኧረ በፈጠራችሁ! ማሽላ በሊታውን ማሽላ ጠባቂ ታደርጉታላችሁ?”

“በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል” አለ ጦጣ። ጭብጨባው ሸለቆውን ሞላው። ከኮሚቴ ያመለጠ ሁሉ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሽኮኮ ቆላ ወርዶ ግሪሳን መንጋው መካከል አገኘው። “እንኳን ደስ ያለዎት! የማሽላ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው ተመርጠዋል” አለው።

ግሪሳ መጀመሪያ ሊያሾፍበት የመጣ መስሎት ነበር። ሽኮኮ ግን ጨዋ ነውና ማማው የት እንደሆነ፣ የማን ማሽላ ቀድሞ እንደደረሰ፣ በየት በኩል ቢመጡ መንገዱ እንደሚያጥር አንድ በአንድ አስረዳው።

“ደመወዝ አለው?” አለ ግሪሳ።

“በጎ ፈቃድ ነው፣ ጌታዬ። ምግብዎንም ራስዎ ነዎት የሚችሉት።”

“በእሱ እንኳ አላስቸግራችሁም” አለ ግሪሳ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ። መንጋው ወረደና ከቆቅ ማሳ ጀመረ። ቆቅ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ማማው ላይ ወጥታ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጮኸች። አህያ ሰምቶ አናፋ፤ ከርከሮ እያጓራ በማሽላው መሃል ተወረወረ፤ ሽኮኮ ድንጋይ ለቀመ፤ ጦጣ እንኳ አጀንዳ ሳያስይዝ ሮጠ። ማንም ማንንም አልጠቆመም። ወፉን ከዚህ ሲያባርሩት እዚያ እያረፈ፣ እዚያ ሲያባርሩት እዚህ እያረፈ ሲያራውጣቸው ዋለ። በመጨረሻ መንጋው ተሰላችቶ ተነሳ። ከማሽላው እኩሌታው ተረፈ። ለቆቅም ጫጩቶቿን የሚያከርም ያህል ቀረላት፤ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

ወዲያው ጦጣ ስብሰባ ጠራ። አፈር በአፈር ሆነው፣ አንዱ የሌላውን አወዳደቅ እያስመሰለ እየሳቁ ተቀመጡ። ጦጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“አጀንዳችን ግሪሳን ከሊቀ መንበርነት ማውረድ ነው። በደንባችን መሠረት ጥፋቱን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ከሳሽ ማነው?”

ሁሉም ወደ ቆቅ ዞሩ፤ ከሁሉ ይልቅ የተበላው የእሷ ነውና። ቆቅ ጫጩቶቿን እየሰበሰበች ነበር።

“እኔ አልከሰውም” አለች ወደ ማሳዋ መንገድ ስትጀምር። “ይህ ማኅበር ከቆመ ጀምሮ ተመርጦ ሥራውን የጀመረ እሱ ብቻ ነው።”