ሰርቨሩ ሲያጉረመርም

ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በሆዱ የሚያወራው በአደባባይ ቢነበብበት አገር ጥሎ ይጠፋል! አንተ አትጠፋም? ተወኝ እባክህ… እኔ ደባርቅን ለቅቄ ልጠፋ አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር።

የከተማችን በቅሎ አከራዮች የቱሪስት ጓዝ ተራራ ላይ ወዳለው ጨነቅ ካምፕ የሚጭኑት በተራ ነው። ተራውን በደብተር የሚይዙት አጎቴ ጋሼ ፈንቴ ናቸው። «አዳሉ» የሚለው ጭቅጭቅ አላባራ ሲል «ኮምፒውተር አያዳላም» ተባለና ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም እንድሠራ ታዘዝኩ።

ሰርቨር፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ሥራ ላይ ዝም አይልም፤ «ይህን አነበብኩ፣ ያን ዘለልኩ» እያለ ኮንሶል በሚሉት ጥቁር መስኮት ላይ ያጉረመርማል። ሰርቨሩ ያለበት ጓዳ ድረስ መመላለስ ሰለቸኝና ጉርምርምታውን በቀጥታ ላፕቶፔ ላይ ተራው ወደሚታይበት የብሮውዘር ገጽ አመጣሁት። ከገጹ ግርጌ ይንዠቀዠቃል። ምን ያለ ምቾት! ሥራው ሲያልቅ ማንሳት ነበረብኝ… ረሳሁታ!

በርክክቡ ቀን አከራዮቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ፕሮጀክተሩ በራ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። አንደኛ ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ጋሼ ፈንቴ! ከአከራዮቹ አንዱ፣ አባ ደሴ የሚባሉት ሽማግሌ ቄስ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ግርጌውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ለሙከራ… አጎቴን ከፊት አድርግ… ተደርጓል። የአባ ደሴ በቅሎ… አርጅታለች… ዝለል… ተዘሏል።»

«የእኔዋ?» አሉ ቀና ብለው።

«አባ፣ ለሙከራ ነው! ፕሮግራሙ መዝለል መቻሉን ለማየት ብዬ…»

«እኔ የለሁበትም!» ጮኹ አጎቴ።

ተራው ካልታመነ የወራት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። «አሁን አጠፋዋለሁ!» ብዬ ወደ ላፕቶፑ ስሮጥ አባ ደሴ ከዘራቸውን ዘረጉ።

«እንዳትነካት! ያ ደብተር ስንት ዘመን ሲያዳላ አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ ያውቃል? ይችስ ያደረገችውን ትናገራለች!»

ሁለቱን ትእዛዞች እዚያው ፊታቸው ሰረዝኩና ደግሜ ተጫንኩ። አባ ደሴ ሦስተኛ፣ አጎቴ መጨረሻ። ጭብጨባው! ቀለም መርጬ፣ ዓይኔ እስኪጠፋ ያሳመርኩትን ያን ገጽ እስከ ዛሬ የሚያየው የለም፤ ሁሉም የሚያነበው ግርጌውን ነው።

ስንወጣ አባ ደሴ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይችን ነገር ለሰው መግጠም አይቻልም?» አሉኝ።

«አይቻልም አባ» አልኳቸው። ተመስገን! በሆዴ የሚንዠቀዠቀውን ቢያነቡትማ አለቀልኝ፦ «በቅሎዋ ግን አርጅታለች… አርጅታለች… አርጅታለች…»