ጋሽ ሰይድ ሊሰረዙ ሲሉ

መሮጥ የሚባል ነገር አይገባኝም። በእኛ መንደር የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ተሰርቋል። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ስመጣ ግን ሰዉ ሁሉ የከተማውን ሐይቅ እየዞረ ይሮጣል። አባራሪ የለ፣ ተባራሪ ብቻ! የመጀመሪያ ቀንማ ምን መጥቶ ነው ብዬ እኔም አብሬ ሮጥኩ።

ለዚህ ነው ጋሽ ሰይድ የድሮ ሯጭ ናቸው ሲባል ብዙም ያልደነቀኝ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ እኔ ከምሠራበት ፓርኪንግ አጠገብ ሱቅ አላቸው። በወጣትነታቸው ለአገር ተሰልፈው ባሕር ማዶ ሮጠዋል። ስንተኛ ወጡ? መጨረሻ። ራሳቸውም አይደብቁም። እሳቸው ሲገቡ ዳኞቹ እራት በልተው፣ ሜዳው ታርሶ፣ ገብስ ተዘርቶበት ነበር ይባላል። የሚለውም እኔ ነኝ።

እኚህ ሰው ኢንተርኔት ላይ፣ ያ ዓለም ሁሉ ተሰብስቦ የሚጽፈው መዝገበ ዕውቀት ውስጥ፣ የራሳቸው ገጽ አላቸው። ማን እንደጻፈላቸው እንጃ። ሁለት መስመር ናት፤ ስማቸውና መሮጣቸው፣ አለቀ። ለጋሽ ሰይድ ግን ቤተ መንግሥት ናት። የልጅ ልጃቸው ሂባ እኮ አያቷ ሯጭ ነበሩ ቢሏት አታምንም ነበር። ሆዳቸውን እያየች "ኖ ዌይ፣ አባባ!" ነው የምትለው። ገጿን ስታይ አመነች። እንዲያውም ክፍሏ ፊት ቆማ ስለ ቤተሰቧ ጀግና እንድትናገር ስትታዘዝ አያቷን መረጠች።

በዚያው ሰሞን ሳኒቬል ከተማ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ልጃቸው ዘይነብ ኮል አደረገች። "አባዬ፣ ገጽህን ዲሊት ሊያደርጓት ነው" አለች። የመዝገቡ ጸሐፊዎች ታዋቂ አይደለም፣ የታተመ ማስረጃም የለውም እያሉ ይከራከራሉ አለች።

ጋሽ ሰይድ ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ። "እኔስ ልሰረዝ። ልጅቷ ሰው ፊት ቀጣፊ ልትባል ነው?"

እውነቱን እንነጋገር ካልን ሰዎቹም አልተሳሳቱም። የሮጠ ሁሉ ገጽ ይሰጠው ከተባለ፣ ጅብ ያባረራት የአክስቴ ፍየልም ይገባታል። ያውም እሷ አንደኛ ነው የወጣችው። ግን ጎረቤት ሲጨነቅ እውነት ምን ይሠራል?

እኛ ደግሞ የምናውቀው አንድ መላ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። ክርክሩ ላይ ማንም መጻፍ ይችላል ሲባል ዘይነብን ኮምፒውተሯ ፊት አስቀምጠን በየተራ ገባን። አንዱ ሰርጌን ያሳመሩልኝ እሳቸው ናቸው አለ። አንዷ እናቴ ስትሞት ከጎኔ አልተለዩም አለች። አንዱ ስለ አላህ ብላችሁ ብሎ ለመነ። እኔም "ሲወዳደሩ አላየሁም፤ ለአውቶቡስ ሲሮጡ ግን አይቻለሁ፤ ደርሰውበታል" ብዬ አስጻፍኩ።

መልስ መጣ። ከአንድ ኮምፒውተር የመጣ ነውና ይሄ ሁሉ በብዙ ስም የሚገባ አንድ ሰው ነው ተባልን። ጉድ በሉ! መንደር ሆነን ሄደን አንድ ሰው ሆነን ተመለስን። ደግሞ ወዳጅ ዘመድ ያልጻፈው፣ የታተመ ነገር አምጡ አሉ።

ከየት ይምጣ? ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለው አበሻ ወይ አማቻቸው ነው፣ ወይ የእድራቸው አባል ነው፣ ወይ ሱቃቸው ሻይ ጠጥቷል። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ አላሜዳ የሚኖሩት ጋሽ ተሰማ። ያንኑ ውድድር አብረው ሮጠው፣ ከጋሽ ሰይድ አንድ ደረጃ ብቻ ቀድመው ገብተዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አይነጋገሩም። ጋሽ ሰይድ "በክርኑ ገፍቶኛል" ይላሉ። ጋሽ ተሰማ ደግሞ "ክርኔ ጋ መች ደርሶ!" ይላሉ።

እየፈራሁ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ግድግዳው ላይ ምን ተሰቅሏል መሰላችሁ? የዚያ ውድድር ጋዜጣ፣ በመስታወት! ፎቶው ላይ ጋሽ ተሰማ ደረታቸውን ነፍተው ሲገቡ፣ ከኋላ በሩቁ ጋሽ ሰይድ ዝንብ አክለው ይታያሉ። ከሥሩ ስማቸው ከነአባታቸው፣ መጨረሻ መውጣታቸውም ጭምር ተጽፏል። እንግዳ ሁሉ ሳያየው አይቀመጥም።

ሊሰረዙ ነው አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ስል ክው አሉ።

"ሰይድ ከተሰረዘ መጨረሻ የወጣው ማን ሊባል ነው?"

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

"እኔ ነዋ! ፎቶ አንሣው፣ ቶሎ በል፣ አንተ ወሬኛ!"

አንሥቼ ለዘይነብ ላክሁ። ተከራካሪዎቹ አዩ፣ አገላበጡ፣ ገጿ ትቆይ ተባለ። አሁን ሦስት መስመር ሆናለች፤ መጨረሻ መውጣታቸው ተጨምሮ። ይከፋቸዋል ብዬ ስሳቀቅ ጋሽ ሰይድ በረጅሙ ተነፈሱ። "አልሐምዱሊላህ! መጨረሻ ለመውጣትም እኮ መሮጥ ያስፈልጋል።" ሂባም ክፍሏ ፊት በኩራት ተናገረች፤ ተጨበጨበላት።

ደስታው ሞቅ ሲል፣ ታዲያ አሁን ከጋሽ ተሰማ ጋር ላስታርቃችሁ አልኳቸው። ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

"አብደሃል? ታርቀን ከግድግዳው ቢያወርደኝስ?"

እውነት ነው። ወዳጅ ያመሰግንሃል፣ ያለቅስልሃል፣ ይረሳሃል። ስምህን አቧራውን እየጠረገ የሚያስቀምጥልህ ጠላት ነው። እኔን የጨነቀኝ የራሴ ነገር ነው፤ ምን ይዋጠኝ፣ ሰው ሁሉ ይወደኛል።