ሟች ያጣው ሐውልት

መንደራችን በታላቁ ጦርነት የፈጸመችው ጥፋት ከባድ ነው፤ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። አሥራ አራት ወንዶች ልካ አሥራ አራቱም በሕይወት ተመለሱላት።

መጀመሪያ ነገሩ ውርደት መሆኑ ስላልገባን ደወል ደወልን፣ ቢራ ጠጣን፣ እናቶችም በደስታ አለቀሱ። ገበናችን የተገለጠው ከወንዙ ማዶ ያለችው የማርስኮም መንደር የጦርነቱን ሙታን መታሰቢያ ስታስመርቅ ነው። ሃያ ሁለት ስም! ጳጳስ መጣላት፣ ጥሩምባ ተነፋላት፣ ጋዜጣ ላይ ወጣች። እኛ ባርኔጣችንን አውልቀን ከኋላ ቆመን አየን።

በሳምንቱ የሐውልት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ነበርኩ። ሊቀ መንበራችን ሚስተር ክራውል ለፈረሰኛው ጦር ድርቆሽ በማቅረብ ከማንም በላይ የደከሙ፣ በድካሙም ከማንም በላይ የወፈሩ ሰው ናቸው።

«ክቡራን፣» አሉ ተነሥተው፣ «የሟች አለመኖር የመታሰቢያን አስፈላጊነት አይቀንስም። ድንጋዩ ይቁም፤ ቀሪው በሂደት ይሟላል።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ለድሆች ቤት ማደሻ የተቀመጠው ገንዘብም ለዚሁ ቅዱስ ዓላማ ዞረ። ድንጋዩ መጣ፤ አናቱ ላይ «ለአገራቸው የወደቁ» ተብሎ ተቀርጿል፣ ከሥሩ መስታወት የመሰለ ባዶ።

ታዲያ ቀሪውን ማን ያሟላ? ዓይናችን ሁሉ ሩበን ቶልፍሪ ላይ አረፈ። ሩበን ጦር ሜዳ ላይ የመርዝ ጋዝ ስቦ ሳንባው ተጎድቶ የተመለሰ፣ የመንደሩ በሆነች አንዲት አሮጌ ጎጆ የሚኖር ሰው ነው። አንድ ቀን ሚስቱ ሄስተር ኮሚቴው ፊት ቀረበች።

«ጣራው ሩበን አልጋ ላይ ያፈሳል ጌታዬ። ሐኪሙ ደረቅ ቤት ካላገኘ ይሄን ብርድ አይወጣውም ብሏል።»

ሚስተር ክራውል ከወንበራቸው ቀና አሉ። «አይወጣውም አለ? እርግጠኛ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እግዜር ያጽናሽ።»

«ኧረ ገና አልሞተም!»

«አይ፣ ለወደፊቱ ነው።»

ስለ ጣራው ግን በሐዘን ነገሯት፤ ገንዘቡ ለወታደሮች ክብር ስለ ዋለ ለወታደር የሚተርፍ የለም።

ከዚያ ወዲያ ሩበን ተዘንግቶ አያውቅም። ወይዘሮ ክራውል ሾርባ ያመላልሱለት ጀመር፣ ብዙ እንዳያበረታው ቀጠን ያለ። ድንጋይ ጠራቢው ሙሉ ስሙን ሊጠይቅ መጣ። እኛም በየተራ በመስኮት ብቅ እንል ነበር።

«ሩበን፣ ዛሬስ እንዴት ነህ?»

«ትንሽ ቀለል ብሎኛል።»

«አይዞህ፣ ያልፋል።»

በአደባባዩ የሁለት ደቂቃውን የሕሊና ጸሎት ስንለማመድ እንኳ የሩበን ሳል ከዚያች መስኮት እየመጣ ዝምታውን ይሰብረው ነበር። አንዱ ሰው አጉረመረመ። ሚስተር ክራውል ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ተወው፣ ጥሩ ሳል ነው» አሉ።

ይህ ሁሉ እንክብካቤ ሲደረግለት ሄስተር ምን አደረገች? አንድ ጠዋት አልጋውንም ባሏንም ጋሪ ላይ ጭና ወደ ማርስኮም ጉዞ ጀመረች። እዚያ የሁለት ልጆቿን ስም ከሐውልቱ ላይ የምታነብ አንዲት እናት ነበረች። «የልጆቼ ክፍል ደረቅ ነው፣ ግቡ» ብላት ኖሯል። ያቺ ሴት ይህን ስትል ምን ያህል እንደ ከበዳት ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

ኮሚቴው ግን አልባባም። «ሃያ ሁለት አላቸው፣ ደግሞ የእኛን አንድ ይቀሙን?» ተባለ። ሚስተር ክራውል እያለከለኩ ድልድዩ ላይ ደረሱባት።

«ሄስተር! ነገሩ ከከፋ ቶሎ መልሽው እሺ? የእኛ ነው!»

ሄስተር በቅሎዋን ቸብ አድርጋ ድልድዩን ተሻገረች።

ምርቃቱ ለዓመቱ ተላለፈ፤ ከዚያ በላይ ግን ማስተላለፍ አልተቻለም። ቀኑ ደረሰ፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ መጋረጃው ተገለጠ፤ ባዶው ድንጋይ አብረቀረቀ። ይሄኔ አንድ ሰው ከድልድዩ ወዲህ ዳገቱን እየተንደረደረ ወጣ። ጉንጩ ቀልቷል፣ ትንፋሹ አልተቆራረጠም። መጥቶ መሐላችን ቆመ።

«ሩበን?» አሉ ሚስተር ክራውል። «ደረትህስ?»

«ድኛለሁ ጌታዬ። ሐኪሙ ሽማግሌ ሆነህ ነው የምትሞተው ብሎኛል።»

ሰዓቱ ደወለ። ባርኔጣ ወለቀ፣ አንገት ተደፋ። በዚያች ሰዓት በየመንደሩ ለይስሙላ ዝም የሚል ብዙ ነው ይባላል። የእኛ ሐዘን ግን የምር ነበር፤ ሚስተር ክራውልማ ስቅስቅ ብለው ነው ያለቀሱት።