ሃይማኖት የሌለው ዓሳ

በከተማችን ወላጅ ለልጁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ አንዷ ራሴ ነኝ። ለምን ይሄኛውን መረጥሽ ስትባል እውነቱን የምትናገር እናት የለችም። «ለሥነ ምግባሩ ብዬ ነው» ትላለች። ሥነ ምግባር ማለት በእኛ በአርባ ምንጭ፣ ሰርቪሱ እስከ በር ድረስ ይመጣል ማለት ነው። «በእምነት ታንጻ እንድታድግልኝ» ያለችውም እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው ማለቷ ነው። የአንዱ እምነት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛው ደከም ሲል፣ ምእመናኑ በአንድ ክረምት ተጠራርገው ወደ ሌላው እምነት ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ለምዝገባ ብቻ ነው ታዲያ፤ እሑድ ሁሉም ወደየራሱ ይመለሳል።

እኔን ግን ሰርቪስም እንግሊዝኛም አላሳሳተኝም። እኔን ያሳሳተኝ ዓሳ ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልጄ ማርታ አራተኛ ክፍል ናት። እስከዚህ ዓመት አጋማሽ ድረስ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነበረች፤ የሁሉም ልጅ በሚማርበት። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ነበር የሚቀመጡት። አንዷ ፈትያ ናት፤ እናቷ ሰሚራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ሙስሊም ናት። ሌላዋ ጸጋ ናት፤ እናቷ የጨንቻ ሰው ነች፣ ከጸሎት ፕሮግራም ቀርታ የማታውቅ ጴንጤ። እኛ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነን። ሦስቱ ልጆች ሽንት ቤት እንኳ ተያይዘው ነበር የሚሄዱት።

ይሄ ነገር እንዴት እንዳኮራኝ። ላይኛው ከተማ ሴቻ ባለው ቢሮአችን ውስጥ የመቻቻል ወሬ በተነሳ ቁጥር «የእኔ ልጅ እኮ» ብዬ የምጀምረው እኔ ነኝ። የሚቻቻሉት ልጆቹ፣ የምትመሰገነው እኔ። ከዚህ የሚመች ነገር አለ?

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ጥብስ ሳደርግላት «እማዬ፣ ስጋ አታድርጊብኝ» አለች።

«ለምን?»

«ዝም ብሎ።»

«ዶሮስ?»

«ዶሮም አልፈልግም። ዓሳ አድርጊልኝ። ካልሆነ ሽሮ።»

ባሌ ሳቀ። «አባያና ጫሞ መሀል ተወልዳ ዓሳ ብትወድ ምን ይገርማል? ጥበሺላትና እንሂድ» አለ። ባሌ አልፎ አልፎ ልክ ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ሩብ ብቻ ነበር ልክ የሆነው። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ምክንያቱም እሑድ እሑድ እቤት ውስጥ ያቺው ልጅ ጥብሱን ሳህኑ እስኪያበራ ጠርጋ ትበላለች። ትምህርት ቤት ሲሆን ነው እንቢ የምትለው። ወር አለፈ፤ ዓሳ። ሁለተኛው ወር፤ ዓሳ።

ይህን ለአስቴር አወራኋት። አስቴር የቢሮ ባልደረባዬ ናት፤ የሰው ልጅ አስተዳደግ ላይ ተወዳዳሪ የላትም። ድምጿን ዝቅ አደረገችና «ከማን ጋር ነው የምትቀመጠው?» አለችኝ። ከፈትያ ጋር አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በቃ፣ የእኛን እርድ እየተጸየፈች ነው» አለች። «እንዲህ ነው የሚጀምረው። ነግሬሻለሁ።»

ስለ መቻቻል የማወራው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ማታ ከሴቻ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ቁልቁለቱን ሳንጨርስ መቻቻሌ አለቀ። እቤት እንደገባሁ ልጅቷን እንደ መርማሪ ያዝኳት።

«ፈትያ ስለ ስጋ ምን ብላሽ ታውቃለች?»

«ምንም።»

«እናቷስ?»

«እማዬ፣ እትዬ ሰሚራ እኮ ጨርቅ ነው የምትሸጠው።»

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ አወጣኋት። በእኛው እምነት ስር ያለ ትምህርት ቤት አስገባኋት። ጠዋት ጸሎት አለ፣ ግቢው ንጹሕ ነው፣ ዳይሬክተሯ «እዚህ ሁሉም የእኛው ልጆች ናቸው» ስትለኝ ትንፋሼ ተመለሰ። ማርታ እኔ ፊት አላለቀሰችም። «ፈትያና ጸጋ መቼ ነው የሚመጡት?» ብቻ አለች። እነሱ የራሳቸው አላቸው አልኳት። «የራሳቸው ምን?» አለች። ጫማሽን አድርጊ አልኳት።

ከሳምንታት በኋላ ገበያ ውስጥ ሰሚራን አየኋት። እሷም አየችኝና ከጫኖ የመጣ ሙዝ አንስታ አተኩራ ትመረምር ጀመር። እኔም አንድ ማንጎ ላይ እንደዚያው። ስንት የልደት ኬክ አብረን የቆረስን ሴቶች ነን እንግዲህ። በመጨረሻ እሷ ቀደመች።

«የማርታ እናት፣ ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ትምህርት ቤት ቀየርንላት። ፈትያስ?»

«እሷንም ቀየርኳት። እኛ ጋ አስገባኋት።»

«ምነው?»

ግራ ቀኙን አየች። «አንቺ ደግ ሴት ነሽ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «ልጄ ስጋ እንቢ አለችኝ። ዓሳ ብቻ። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ዓሳም አይሆንም፣ ሽሮ ነው የምትለው። ረቡዕና ዓርብ የማን ጾም እንደሆነ አይጠፋኝም። ልጄን ሊያጾሙብኝ ነው አልኩ።»

እኔ ቤት ረቡዕና ዓርብ ድሮም ሽሮ ነው፤ ምኑን ልጠርጥር። ለካ ጸጋም ወጥታለች። «እሷንማ እናቷ ጸሎት አስደርጋላታለች» አለች ሰሚራ። «ጾም ለመደች ብላ ደንግጣ። አሁን እነሱ ጋ ነው የምትማረው።» እሷ ሙዟን፣ እኔ ማንጎዬን እንደገና እናገላብጥ ጀመር። ሙዝ ሻጯ «ትገዛላችሁ ወይስ ቆማችሁ ታበስሉታላችሁ?» አለችን።

ማታ ማርታን ጠየቅኋት፤ ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ። ከምርመራው ሁሉ ያልገባው እሱ ነበር፤ ምሳ እንዴት ነበር የምትበሉት?

«አብረን ነዋ» አለች። «ሦስቱንም ምሳ ዕቃ ከፍተን። ስጋ ከሆነ ፈትያ የእኔን አትበላም፣ እኔም የእሷን አልበላም። ዓሳ ከሆነ ሁላችንም እንጎራረሳለን። ዓሳ አይታረድማ።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«እሱ ለእኔ ብለው ነው።»

እንዲህ ያለችኝ ልክ ፊደል ላልቆጠረ ሰው እንደምታስረዳ ቀስ ብላ ነው። እኔ ደግሞ ስለ አብሮ መኖር ስንት ሥልጠና የተካፈልኩ ሰው ነኝ፤ ሴቻ ሆቴል ውስጥ፣ በአበል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንዱ ጠረጴዛ ላይ «የክርስቲያን»፣ ሌላው ላይ «የሙስሊም» የሚል ይለጠፋል፤ ሁላችንም እንለያይና ጠግበን እንመለሳለን፤ ከሰዓት ስለ አንድነት እንቀጥላለን። ዓሳ ይቅረብ ያለ አንድ አሠልጣኝ አላየሁም።

ያኑ ማታ ለሁለቱም እናቶች ደውዬ ነገርኳቸው። ታዲያ በማግስቱ ሮጠን ልጆቹን መለስናቸው ብላችሁ ታስባላችሁ? ትልቅ ሰው እኮ ነን። ሰሚራ «አንቺ መልሺና እከተልሻለሁ» አለች፤ ልጄን አተረፍኳት ብላ ለባሏ ዘመዶች ተናግራለች። የጸጋ እናት ደግሞ ልጄ ከጾም ተፈታችልኝ ብላ ጉባኤ ፊት መስክራለች፤ የተመሰከረ ነገር እንዴት ይመለሳል? እኔስ? የእኔን ወሬ አስቴር ቢሮውን ሁሉ አዳርሳዋለች። ሦስታችንም ማን ቀድሞ ይመለስ እያልን እየተያየን ነው። ስንገናኝ ግን በጣም እንስማማለን።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሕሊናዬ ሲቆጠቁጠኝ፣ ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ ዓሳ ጠበስኩላት። ማርታ ክዳኑን ከፍታ አየችው።

«ስጋ አድርጊልኝ» አለች።

«ዓሳ አይደል እንዴ የምትወጂው?»

«አልወድም። እሾህ አለው። ወድጄም አላውቅም።»

ስንት ወር ሙሉ እሾህ እየለቀመች በልታለች ማለት ነው። ቢያንስ ላጽናናት ብዬ «እዚያማ ሁሉም የእኛው ናቸው፤ ስጋሽን ሁሉም መብላት ይችላል» አልኳት።

«ይችላሉ» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ግን እዚያ ሁሉም በክዳኑ ከለል አድርጎ የራሱን ነው የሚበላው።»

ዓሳውን ገልብጬ ጥብስ አደረግኩላት።

ቢሮ ስገባ አስቴር ልጅቷ እንዴት ሆነች አለችኝ። ስጋ መብላት ጀመረች አልኳት።

«አላልኩሽም?» አለች። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። የእሷ ትንሹ ልጅ በመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል፤ ለሥነ ምግባሩ ብላ እያሰበችበት ነው።

«ሰርቪሱ እኛ ሰፈር ይደርሳል?»

እስከ በር ድረስ አልኳት።