ስለ ሦስተኛው ቀንድ የተላለፈ ውሳኔ

በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ በዝምታ የማይታለፉ በደሎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የተፈጸመው በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ሳለ ዘንዶው ሁለት ቀንድ ይዞ ብቅ አለ።

ሁለት።

የጉዳዩ ክብደት እንዲገባችሁ ስለ ማኅበራችን ጥቂት ልናገር። የምንጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ሰሌዳ አለው፣ ዳይስ አለው፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ከእንጨት የተቀረጹ ተዋጊዎች አሉት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስት መቶ ገጽ የሆነ የደንብና የታሪክ መጽሐፍ አለው። አባላቱ አራት ነን። ሊቀመንበራችን የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው፤ ሲበዛ ትክክለኛ ሰው ነው። ሌሎቹ የመኪና መንዳት አስተማሪው፣ የጥርስ ሐኪሟና እኔ ነን። እኔ መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ የማኅበሩም ጸሐፊ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ሳይዛነፍ ተገናኝተናል። ጨዋታውን አንድም ቀን ጨርሰነው አናውቅም። ገጽ አርባ ሦስት ላይ ስንደርስ ስለ ዘንዶው አቋም ክርክር ይነሣና በዚያው ይመሻል። ይህ የድክመት ሳይሆን የጥልቀት ምልክት ነው።

የምንሰበሰበው የሊቀመንበሩ ባለቤት ልብስ በምትሰፋበት ሱቅ ውስጥ፣ በጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጨርቋን ጠቅልላ ጠረጴዛውን ትለቅልናለች፤ እሷ ጥጉ ላይ ወዳለችው የስፌት መኪናዋ ትሄዳለች። አባል አይደለችም። አባል ልሁን ብላ ጠይቃ ስለማታውቅ፣ ጥያቄዋን ውድቅ ለማድረግ እንኳ ዕድሉን አላገኘንም።

ታዲያ አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ጨዋታችንን ፊልም አደረገው ሲባል የተሰማንን ደስታ መግለጽ ያዳግታል። ፊልሙ የተሠራው ባለው አቅም ነው። ቤተ መንግሥቱ የውኃ ታንከር ነበር። ሠራዊቱ ስምንት ሰው ሲሆን፣ በካሜራው ኋላ እየዞረ ደግሞ ስለሚያልፍ አንድ አንካሳ ወታደር አራት ጊዜ ዘመተ። የንጉሡ ጺም ተላቆ ስለነበር ንጉሡ የጦርነቱን አዋጅ ያነበበው አገጩን በእጁ ደግፎ ነው። መብረቅ በበረቀ ቁጥር የመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ሲል ይሰማል። እኛ ሆደ ሰፊዎች ነን፤ ይህን ሁሉ ይቅር ብለን ነበር።

ቀንዱን ግን ይቅር ማለት አልተቻለም። ሊቀመንበሩ በጨለማው አዳራሽ ተነሥቶ ቆመና፣ «ሦስት ነው! ገጽ አርባ ሦስት! ሦስት!» ሲል ጮኸ።

ከኋላችን እግራቸውን ሊያሳርፉ የገቡ አንድ ጡረተኛ፣ «የኔ ልጅ፣ እባክህ ቁጭ በልልኝ። እንኳን ቀንዱ ዘንዶውም አልታየኝ» አሉት።

ቅዳሜ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ፊልሙ።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ይሄ ስሕተት ሳይሆን ሤራ ነው» አለ የመኪና አስተማሪው። «ሰው እንዴት ሦስት አይቶ ሁለት ይሠራል?»

«እኔ ግን...» አለች የጥርስ ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል፣ «ዘንዶዋ ስትሞት አለቀስኩ።»

በቀን የሃያ ሰው ጥርስ ስትነቅል ዓይኗን የማታሽ ሴት ናት።

«ስንት ደቂቃ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምኑ?»

«ልቅሶው።»

«እኔ እንጃ... መብራት እስኪበራ።»

ከማኅበሩ አቋም ውጭ በማልቀስ ጥፋት ለሦስት ወር ታገደች። ተቃውሞ አላሰማችም። ወንበሯን አንሥታ ጥግ ወዳለችው የስፌት መኪና ሄዳ መርፌ ላይ ክር ታስገባ ጀመር።

ይሄኔ የሊቀመንበሩ ባለቤት መኪናዋን ሳታቆም፣ «ክንፏስ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ክንፍ?» አለ ባሏ። «የጃንጥላ ጨርቅ እኮ ነው! ያንን የሰፋ ሰው በሕይወቱ መርፌ ጨብጦ አያውቅም።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና ተነሣ፤ በጣም ፈጠነ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ከውጭ የመጣ ድምፅ» ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ፊልሙን ማንም እንዳያየው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔ ያለ ክትትል ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ ማንም አለማየቱን ለማረጋገጥ በየቀኑ ትኬት እየቆረጥን እንገባ ጀመር። መግባታችን ካልቀረ ጥፋቶቹን እንመዝግብ ተባለ። እኔ ደብተር ያዝኩ፤ ሊቀመንበሩ የእጅ ባትሪ ያዘ፤ የመኪና አስተማሪው ከሥራው እያስፈቀደ መጣ፤ ተማሪዎቹም ወደ ኋላ መንዳት ሳይማሩ ቀሩ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጥፋት ለቀምን።

አምስት ሳምንት ማለቴ ሊያስገርም ይችላል፤ ፊልሙ ለሦስት ቀን ብቻ ነበር የታሰበው። የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደብተር የያዙ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በየቀኑ ሲመላለሱ አይቶ ጊዜውን አራዘመ። መንገደኛው ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ምን ቢያገኙበት ነው?» እያለ ይገባ ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ሰልፉ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ውለታችንን አልረሳም፤ ለወንበሮቻችን ትራስ አደረገልን።

«ትግላችን ፍሬ ማፍራት ጀምሯል» አለ ሊቀመንበሩ ትራሱን እያመቻቸ።

ቀጥሎ ለቪዲዮ አንሺው ደብዳቤ ተጻፈ። «ዘንዶውን ያዘጋጀው ግለሰብ በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ፣ ካልሆነም ማንነቱ እንዲገለጽ» ይላል። ሰውየው ቅዳሜ ዕለት ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲጠርግ ቆየ።

«ተቀመጥ» አለው ሊቀመንበሩ። «ዘንዶውን የሠራው ማነው?»

ቪዲዮ አንሺው ግራ ገባው። ወደ ጥጉ ተመለከተ፣ ወደ ሊቀመንበሩ ተመለከተ። «ጋሼ... ያውቃሉ ብዬ ነበር እኮ።»

«እኔ ነኝ» አለች የሊቀመንበሩ ባለቤት።

የመኪና አስተማሪው ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው በእግሩ ወለሉን መታ።

«አንቺ?» አለ ሊቀመንበሩ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገባችን ተቀምጠሽ ሦስት፣ ሦስት ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።» መሳቢያውን ሳበችና መጽሐፉን አወጣች። «ሰኞ ሰኞ ሥራ ይቀዘቅዛል። መጽሐፋችሁን ደግሞ እዚሁ ነው የምትተዉት። ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። ገጽ ሁለት መቶ ስድስትን አንብበው።»

ሊቀመንበሩ አነበበ። ገጾቹ ብዙ ስላልተነኩ ሲገለጡ ድምፅ አሰሙ። ዘንዶዋ በድልድዩ ጦርነት ላይ ጫጩቶቿን ስትከላከል ሦስተኛ ቀንዷ ተሰብሮ ወንዝ ውስጥ ወደቀ ይላል። የፊልሙ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሊቀመንበሩ ጆሮ ሲቀላ አየሁ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ፤ ሦስት ጊዜ። ‹ተራሽ አይደለም› አልከኝ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ያችን ክንፍ ሦስት ሳምንት ሰፋኋት። የጃንጥላ ጨርቅ መሆኑን አንተ አትነግረኝም፤ የነበረን እሱ ነበር። ስትበር ግን አይቻታለሁ። አንተም ብታያት ብዬ ነበር።»

የጥርስ ሐኪሟ እንደገና ዕንባዋ መጣ። እገዳ ላይ ስለነበረች አልተመዘገበም።

ሊቀመንበሩ አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው። እንደ ባል ሊናገር የነበረ ይመስለኛል። ማኅበራችን ግን እንዲህ ባለው ፈታኝ ሰዓት ሰው አያጣም፤ የመኪና አስተማሪው ተነሣ።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። የተሳሳተው መጽሐፉ ነው።»

ከገጽ አርባ ሦስት ወዲያ ያለው የመጽሐፉ ክፍል የጨዋታውን መንፈስ የካደ ስለሆነ እንዲወገዝ ሐሳብ ቀረበ። እኔና የመኪና አስተማሪው እጃችንን አወጣን። ሊቀመንበሩም ወደ ሚስቱ ሳያይ፣ ቀስ ብሎ፣ ከትከሻው በማያልፍ ከፍታ እጁን አወጣ። ውሳኔው አለፈ።

እሷ አልተቆጣችም። ከመደርደሪያው አንድ ጣቃ ጨርቅ አውርዳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቆመችው። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ጠረጴዛዬን እፈልገዋለሁ» አለች። ክብራችንን ጠብቀን ወጣን። ሰሌዳውና የተወገዘው መጽሐፍ እዚያው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሩ በሚሠራበት የሚዛን መሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ እየተቀመጥን እንሰበሰባለን። ሰሌዳና ዳይስ አለመኖሩ ሥራችንን እጅግ አቀላጥፎታል፤ ቀድሞ ጨዋታው ያቋርጠን ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሊቀመንበሩ ቀረ። እኔና የመኪና አስተማሪው ጉዳዩን ለማጣራት ወደ ሱቁ ሄደን በመስኮቱ አጮለቅን።

ጠረጴዛው ላይ ሰሌዳው ተዘርግቷል። የሊቀመንበሩ ባለቤት ዳይስ ትወረውራለች። ቪዲዮ አንሺው አለ፣ የጥርስ ሐኪሟ አለች። ሊቀመንበራችን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጨዋታውን ትንሹን ሰው፣ በቅሎ ጎታቹን፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ሚስቱን ሽቅብ ያያል።

«እሺ፣ ከድልድዩ በኋላስ?» ይላታል።

እሷ የሆነ ነገር አለችው፤ አራቱም ሳቁ። ይህ ጨዋታ እንደሚያስቅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰምተን አናውቅም።

ሊቀመንበሩን እዚያው መስኮቱ ሥር ከአባልነት አሰናበትነው። ሁለት ቀረን። ውጭው ይበርድ ነበርና በሩን እናንኳኳ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። የመኪና አስተማሪው፣ ማንኳኳት ለገጽ ሁለት መቶ ስድስት ዕውቅና እንደ መስጠት ይቆጠር እንደሆነ ስላልተረጋገጠለት፣ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ማንኛውም ውሳኔ የአባላቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አለበት። የሁለት ሰው ሁለት ሦስተኛ አንድ ሰው ከሲሶ ነው።

አንዱ እኔ ነኝ። ሲሶውን ሰው እስክናገኝ በሩ ላይ ቆመናል።